ደመ ከልብ፦ ስለ ዘመቱ ውሾች የከፈትኩት ክር ላይ ምን ተባለ?

ክሩ፣ ማለትም የውይይት መድረካችን ላይ የከፈትኩት ርዕስ፣ 46 መልስ ደርሷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ማንበብ ታክቷቸው በውስጥ መስመር ይጠይቁኛል። ምን ላይ ደረሳችሁ? ማን ከማን ተጣላ? የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ እኔው ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ በራሴ አፍ ነው የምናገረው። አዛብተሃል የሚለኝ ካለ ከስር ይጻፍ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

የጻፍኩት አጭር ነበር። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ወደ 4,000 የሚጠጉ ውሾች አሰልፋለች። በጫካ መንገድ ፊት ፊት እየሄዱ ደፈጣ የሚያሸቱ ነበሩ። የጦር ሰፈር አጥር ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቁም ነበሩ። አገራቸው የተመለሱት ግን 200 ገደማ ብቻ ናቸው። ከጥይትና ከበሽታ ከተረፉት ከፊሎቹ ለደቡብ ቬትናም ጦር ተሰጡ። ሌሎቹ በመርፌ ተገደሉ። በመዝገብ ላይ ወታደር ሳይሆኑ ዕቃ ነበሩ፤ ለትርፍ ዕቃ ደግሞ የመመለሻ ወጪ የሚያወጣ የለም።

እኛ ደሙን የሚመልስለት ያጣ ሰው ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ እንላለን። የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ማለት ነው። እነዚህ በዘይቤ ሳይሆን በቁሙ ደመ ከልብ ሆኑ። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ውሻ ታማኝ ነው እያልን ማድነቁ አምስት ሳንቲም አያስወጣንም። ያዘመተው ሰውስ ለውሻው ታምኗል ወይ? መጨረሻ ላይ በ2000 ሕግ ወጥቶ ነገሩ ተስተካከለ ብዬ ዘጋሁ። ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጉድ ሠርታኛለች። ትደርሱባታላችሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታ ሳይቆጥብ፣ አመስግኖኝ፣ የኔሞን ታሪክ አመጣ። ኔሞ ጀርመን ሼፐርድ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1966 አንድ ሌሊት፣ ሳይጎን አጠገብ ባለው የታን ሶን ኑት አየር ሰፈር፣ ቦብ ትሮንበርግ ከሚባል ወጣት ወታደር ጋር ዘብ ወጥቷል። መቃብር ቦታ ሲደርሱ የተደበቁ ሰዎች ሸተቱት። ሲለቀቅ ዘሎ ገባባቸው። ፊቱን በጥይት ተመታ፤ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ሰውየውም ትከሻውን ተመትቶ ወደቀ። ኔሞ እየተሳበ መጥቶ ላዩ ላይ ተኛበት። ዕርዳታ እስኪደርስ አልተነሳም። ሁለቱም ተረፉ። ውሻው ቴክሳስ፣ ላክላንድ ተመልሶ የራሱ ቤት ተሰጥቶት እስከ 1972 ኖረ።

መላሹ ይህን ያመጣው እኔን ለማጽናናት ነበር። አልተጽናናሁም። ኔሞ ከ200ዎቹ አንዱ ነው። ዝናው አገር ቤት ቀድሞት የገባ ውሻ ይመለሳል። ስሙን ማንም ያልሰማውስ?

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው ጥንቁቅ ሰው ነው። 2000 ያልኩት በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀ። በኛ ከሆነ ሚሌኒየም እያከበርን ነበር። በነሱ ከሆነ ደግሞ እኛ ገና 1993ን መጀመራችን ነው። ልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. ማለት ነበረብኝ። ክሊንተን ሕጉን የፈረሙት በኖቬምበር 2000 ነው። ዓረፍተ ነገሯ አንደኛ ጉዷን በዚህ አሳየች።

ሦስተኛው ደመ ከልብ ሲባል ከልብ የፈሰሰ ደም ይመስለው የነበረ ልጅ ነው። ከልብ በግዕዝ ውሻ መሆኑን ሲያውቅ ክው አለ። ለካ የዘመድ ሐዘን መግለጫ ላይ ሳይቀር ጽፎታል። ሳቅን፤ ምን እናድርግ።

መልስ 4

ጡረታ የወጡ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ውሻ በሞዴል 19 ገቢ ከተደረገ አንድ ቀን በሞዴል 22 ወጪ መደረጉ የማይቀር ነው ይላሉ። ያን ቀን ወረቀቱ የሚጠይቀው ያገለግላል ወይስ አያገለግልም ብቻ ነው። እሳቸው እንደሚያምኑት እዚያ ቬትናም የፈረመው ሰው ጨካኝ መሆን አላስፈለገውም። ቅጹ ላይ ነፍስ አለው ወይ የሚል ዓምድ የለም፣ አለቀ። እኔ ክፋት ፍለጋ ነበር የወጣሁት። ከጋሼ መልስ በኋላ አንገቴን ደፋሁ።

መልስ 5

ከክሩ ሁሉ ያስተማረኝ ይሄ ነው። ታሪክ አዋቂ መሆኑ ያስታውቃል፤ ትንሽም ይኮራል። የቬትናሙን ለመረዳት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሩ አለን። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ጦር የራሱ ውሻ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሕዝቡ የቤቱን ውሻ ለአገሩ አዋጣ። ከነዚህ አንዱ ከኒው ዮርክ ግዛት የሄደው ቺፕስ ነው። በጁላይ 1943 ሲሲሊ ላይ መትረየስ የተጠመደበትን ምሽግ ብቻውን ሰብሮ ገባና ወታደሮቹ እጃቸውን ሰጡ። ሜዳሊያ ሰጡት። ቆይተው ሜዳሊያ የሰው ነው ብለው መልሰው ነጠቁት። እንዲያም ሆኖ በ1945 ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ለእንስሳት የሚሰጠውን የእንግሊዞቹን ዲኪን ሜዳሊያ ያገኘው በ2018 ነው። ያኔ ከሞተ 70 ዓመት አልፎታል።

ቁም ነገሩ ቀጥሎ ነው። እነ ቺፕስ የተዋሱ ውሾች ነበሩ። በር ላይ ቆመው የሚጠብቋቸው ልጆች፣ ደብዳቤ የሚጽፉ እናቶች ነበሯቸው። የሰው ዕቃ ተውሰህ አልመልስም አትልም። ስለዚህ ጦሩ ቤት ውስጥ መኖር እንደ አዲስ እያስተማረ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ጦሩ ውሻ በገንዘቡ መግዛት ጀመረ። የተገዛ ውሻ ጠያቂ የለውም። እኔ በጭካኔ የተረጎምኩትን እሱ በግዢ ደረሰኝ አስረዳኝ። ከጋሼ ሞዴል 19 ጋር ግጥም ይላል።

መልስ 6 እስከ 9

እዚህ ጋ ጠረን ተቀየረ። ስድስተኛው በሁለት መስመር መጥቶ አራገፈብን። ስንት ሰው በየቀኑ በሚረግፍበት አገር ተቀምጣችሁ ለፈረንጅ ውሻ ታለቅሳላችሁ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ሰባተኛው ካልተመቸህ አትግባ አለው። ስምንተኛው ግን የማይረሳ ነገር ተናገረ። አጎቱ አንድ እግሩን ግንባር ላይ ጥሎ መጥቷል። ዛሬ የሚኖረው እህቱ ጓሮ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ነው። ለሱም ጠያቂ የለውም ይላል። ለውሻ ሕግ የሚወጣበት አገር እንዳለ ሲያነብ ቅናት ይሁን ንዴት ያልለየለት ነገር እንደተሰማው ጻፈ። ዘጠነኛው ሰዳቢ ስለነበር አስተዳዳሪው አጠፋው።

ለስምንተኛው የመለስኩለት ነገር የለም። አሁንም የለኝም።

መልስ 10

በአሜሪካ አየር ኃይል የጥበቃ ክፍል ያገለገለ ወንድማችን ነው። ውሻ ባይዝም ለዓመታት ከውሻ ያዦች ጎን በር ጠብቋል። ሁላችንንም ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰብን። ነገሩ ታማኝነት ሳይሆን ኳስ ነው ይላል። ኮንግ የምትባል፣ ውስጧ ባዶ የሆነ የላስቲክ መጫወቻ አለች። መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትዘል አይታወቅም። ውሻው ቦምብ ሲያገኝ የሚጠብቀው እሷን ነው። ብዙዎቹ ከአውሮፓ የሚገዙ፣ ማሊኖዋና ሼፐርድ የሚባሉ ዝርያዎች ናቸው፤ ሲገዙም የሚፈተኑት በዚሁ ነው። ኳሷን ሣር ውስጥ ወርውረህ ካልፈለጋት፣ ከአፉ ስትነጥቀው ካላበደ፣ አይረባም። ባንዲራ አያውቅም። አገር አያውቅም። ባሩድ ማለት ኳስ ማለት ነው፣ በቃ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ግን ጨመረ። በልማድ ውሻው ከያዡ በአንድ ማዕረግ ከፍ ይላል። በሕግ የተጻፈ አይደለም፤ የወታደር ወግ ነው። ያዡ ተናዶ እጁን ሲያነሳ በአለቃው ላይ ማንሳቱ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው።

መልስ 11 እና 12

አስራ አንደኛዋ ኳሱ የት ነበር ብላ መጣች። ያመጣችው የሌክስን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ኢራቅ፣ ፋሉጃ ውስጥ የሮኬት ጥቃት የአሜሪካ ማሪን ጦሩን ኮርፖራል ደስቲን ሊን ገደለው። ውሻው ሌክስም ፍንጣሪ ገብቶበት ነበር። እየደማ ከልጁ አጠገብ አልነሳም አለ፤ ጎትተው ነው ያነሱት። ወላጆቹ ውሻውን ስጡን ብለው ለወራት ለመኑ። ገና ጡረታው ያልደረሰ ቢሆንም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተሰጣቸው። ሚሲሲፒ እነሱ ዘንድ ኖሮ በ2012 ሞተ። ያን ቀን ፋሉጃ ላይ ማን ኳስ ወረወረለት?

አስረኛው ተመልሶ መጣ፤ መልስ 12 ማለት ነው። ልቡ እንደተነካ ያስታውቃል፣ ግን እጅ አልሰጠም። ሌክስ የታመነው ለደስቲን ነው እንጂ ለማሪን ጦር አይደለም አለ። ውሻ የሚያውቀው አንድ እጅ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ጠረን ነው። ሠራዊት የሚባል ነገር አይሸተውም።

እኔ እንደማየው ሁለቱ የሚጨቃጨቁ መስሏቸው ተስማሙ። ውሻው ለአንድ ሰው ያድራል። ያ ሰው ሲሞት ወይም ተራው ደርሶ አገሩ ሲገባ ውሻው የሚቀረው በመሥሪያ ቤቱ እጅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ቅጽ አለው።

መልስ 13 እና 14

አስራ ሦስተኛው ሁላችንንም ገላመጠ። የምታደንቁት ታማኝነት ማንን እንደነከሰ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ ወይ ነው ያለው። ኢራቅ ውስጥ የነበረውን የአሜሪካኖች እስር ቤት፣ አቡ ግራይብን አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም ባየው ፎቶ ላይ እርቃኑን በቆመ እስረኛ ፊት የወታደር ውሻ ጥርሱን አግጥጧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት ውሻ ያዦች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ያ ውሻም ታማኝ ነበር። በዚህ አልቆመም፤ ሶቭየቶች በ1941 በጀርመን ታንክ ስር እንዲገቡ ፈንጂ የጫኑባቸውን ውሾች አመጣ። ሲያሠለጥኗቸው ምግባቸውን በራሳቸው ታንክ ስር ነበር የሚያስቀምጡላቸው። ግንባር ላይ ተኩሱ ሲያስደነግጣቸው አንዳንዶቹ የለመዱት ዘንድ፣ ወደ ላኳቸው ሰዎች ተመለሱ። ይሄን ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ።

አስራ አራተኛዋ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ነው የምትኖረው። የእህቷ ልጅ ዖኬጽ በሚባለው የእስራኤል የውሻ ክፍል አገልግሏል። እዚያ በግዳጅ ለሞቱ ውሾች የራሳቸው መቃብር አላቸው፤ ልጁም የሱን ውሻ ቀብሯል። እናቷ ይህን ሲሰሙ ለውሻ ቀብር ተብሎ መስቀላቸው... ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ተሳስቼ ነበር፤ እናቷ ቤተ እስራኤል ናቸው፣ አላማተቡም። ግራ ተጋብተው ዝም አሉ ነው የምትለው። አስራ ሦስተኛው ለሷም የሚነከሰውስ ማን ነው ብሎ መለሰላት። ክርክሩ ወደ ጋዛ ሊነጉድ ሲል አስተዳዳሪው ቆለፈውና በማግስቱ ከፈተው።

መልስ 15 እስከ 24

ሲከፈት ሰው ቀዝቅዞ ተመለሰ። ወሬውም ከመስመር ወጣ። የጃንሆይ ሉሉ ተነሳ። ቤተ መንግሥት ግቢ መቃብርና የድንጋይ ጽሑፍ ያለው ውሻ አገራችንም አለ ተባለ። ከዚያ ሉሉ ወንድ ነበር ሴት በሚል ሦስት መልስ ተበላ። አንዱ ውሻ ቤት ውስጥ ማስገባት ነውር ነው አለ፣ ሌላዋ አልጋዋ ላይ እንደምታስተኛ በፎቶ አስደግፋ መለሰችለት። ሌሊት ሌሊት በመርዝ ስለሚገደሉት የሰፈር ውሾች የጻፈም አለ። የዩክሬኑ ፓትሮን የሚሉት ትንሽዬ ውሻም በ2022 ሜዳሊያ መሸለሙ ተነገረ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ላንሳ። ሃያኛው አይጥ ይዞ ከች አለ። ታንዛኒያ የሠለጠነች፣ ማጋዋ... አይ፣ ወንድ ነው፣ ሃያ አንደኛው አርሞታል። ማጋዋ ካምቦዲያ ውስጥ 39 የተቀበረ ፈንጂ አግኝቶ በ2020 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ቢረግጠውም አይፈነዳም። ሃያኛው የሚጠይቀው አይጡ ታማኝ ነው ወይስ ሙዝ ይወዳል ብሎ ነው። አስረኛው ይህን ሲያይ እንዴት እንደፈነጠዘ!

መልስ 25

ሳን አንቶኒዮ የምትኖር እህታችን ናት። ላክላንድ ጦር ሰፈር የራሱን ቡችሎች ያረባል። ለጥቂት ወራት በአካባቢው ቤተሰቦች ዘንድ በአደራ ያሳድጋቸዋል። እሷም አንድ ማሊኖዋ ተረክባለች። እዚያ የተወለዱ ቡችሎች ስማቸው ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ይደገማል። በዚያ ይለያሉ። የኛ ፊደል ማጥበቅ አይጽፍምና የሷን ውሻ ስም ልትጽፍልን ሞክራ ተወችው። መሶቧን ከነክዳኑ በልቶባታል። በርበሬ የሚሰጣበት ሰፌድ ውስጥ አፍንጫውን ከቶ ሲያስነጥስ ዋለ። ልጆቿ በአማርኛ ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። በቅርቡ ትመልሰዋለች፤ ትንሹ ልጇ ይህን ገና አልተነገረውም።

መልስ 27

ዓረፍተ ነገሬን ሁለተኛ ጉድ የሠራት ይሄ ነው። ሕግ የሚያነብ ሰው እንዲህ ነው። የ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሕግ ምንም አላስተካከለም ማለት ይቻላል አለኝ። የፈቀደው ውሻው ሲያረጅ ሰው ሊወስደው እንዲችል ብቻ ነው። ሕጉ በስሙ የተሰየመለት ሮቢ እንኳ ታሞ ስለነበር አልተጠቀመበትም፤ ተገደለ። ባሕር ማዶ ጡረታ የወጣ ውሻ አውሮፕላን ማን ይክፈልለት የሚለውም ሳይመለስ ቆየ። ወደ አገሩ እንዲመለስ፣ ከሁሉም በፊት አብሮት ለዘመተው ሰው እንዲሰጥ በሕግ የተጻፈው በ2015 መጨረሻ ነው። ቬትናም ካበቃ 40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስህተቴን ወስጃለሁ።

መልስ 31 እና 46

ሠላሳ አንደኛው አገር ቤት ነው። ከድንበሩ ጦርነት በኋላ ዛላምበሳ አካባቢ ከውሻ ጋር ፈንጂ ሲያመክን ኖሯል። ሥራው በማለዳ ነው። ፀሐይ ከበረታች ውሻ ማለክለክ ይጀምራል፤ የሚያለከልክ ውሻ ደግሞ አያሸትም። መሬቱ በካሬ ይከፈላል። ውሻው ረጅም ገመድ ላይ ሆኖ ቀጥ ባለ መስመር ሄዶ ይመለሳል። ሲያገኝ አይጮህም፣ አይጭርም። ቁጭ ይላል። አንድ ውሻ የጨረሰውን ሌላ ውሻ ይደግመዋል። ከዚያ በኋላ ያዡ ራሱ በዚያ መሬት ይራመዳል። እሱ መታመን የሚለው ይሄን ነው። ሌላውን ክርክር አልተቀላቀለም።

ሁላችንም አንድ ጥያቄ ጠየቅነው፤ ውሻህ የት ደረሰ? ዝም አለ። ከ32 እስከ 45 ያለው ይኸው ጥያቄና ግምት ነው። አንዱ በመርፌ አስገድሎታል ብሎ ሁሉ ጻፈ።

ትናንት ማታ መለሰ። ውሻዋ ሴት ናት። ስታረጅ ጠይቆ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ወደ ቤቱ ወሰዳት። አዲግራት ነው። ጠላ የሚጠምቁ ጎረቤት አሉት፤ እማማ ነው የሚላቸው። አንድ ቀን ተከትላው እሳቸው ቤት ገባች። እማማ ጌሿቸውን የሚያስቀምጡት ከጦርነት በተረፈ የሞርታር ሣጥን ውስጥ ነው። ውሻዋ ሄዳ ሣጥኑ ፊት ቁጭ አለች። ጠጪዎቹ ሣቁ። እሱ ግን ከልማድ ባለበት ደረቀ። በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ አሳያት፤ ጌሾ ብቻ ነው። አልተነሳችም። ጠራት፤ ዓይኗን ከኪሱ ላይ አልነቀለችም። ኳሷን ቤት ነበር የተዋት። እማማን ትንሽ ይጠብቁኝ ብሎ፣ ጠጪዎቹን ሣጥኑን እንዳትነኩ ብሎ፣ ሊያመጣላት በሩጫ ወጣ።